ስልኬ ፍሪጅ የሸጠችልኝን ሴት ከየት አወቃት?

ባለፈው ሰሞን ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ስልኬን እየነካካሁ ነበር። አንዱ መተግበሪያ «ልታውቃቸው የምትችላቸው ሰዎች» ብሎ ፊቶች ደረደረልኝ። የመጀመሪያው የአጎቴ ልጅ የሥራ ባልደረባ ነው። ሁለተኛው አሥረኛ ክፍል አብሮኝ የተማረ ልጅ። ሦስተኛዋ ላይ ስደርስ ደነገጥኩ። ከሁለት ዓመት በፊት ያገለገለ ፍሪጅ የሸጠችልኝ ሴት ናት። ያየኋት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዴ ፍሪጁን ላየው ስሄድ፣ አንዴ ፒክአፕ ላይ ሲጫን። አንድም የጋራ ጓደኛ የለንም። ዋጋ ላይ ስንከራከርም ትንሽ ተኮራርፈን ነበር።

አጠገቤ ለቆመው ጓደኛዬ አሳየሁት። «ባክህ ስልኩ ይሰማሃል» አለኝ።

ይህን መልስ ሁላችንም እንሰጠዋለን። ነገር ግን ሰው ከሰው ጋር መተዋወቁን ለመገመት ጆሮ አያስፈልግም። መቁጠር ይበቃል። ለዚህ ቆጠራ ስም የወጣለት ሙያ አለ፤ የማኅበራዊ ኔትወርክ ስታትስቲካዊ ሞዴል ይባላል። ስሙ ያስፈራል፤ ሐሳቡ ግን እድር ያለበት ሰፈር ላደገ ሰው አዲስ አይደለም። የፍሪጇን ሴትዮ ጉዳይ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ኔትወርክ ሲባል ምን ማለት ነው?

የእድር መዝገብ አስቡ። ስሞች ተደርድረዋል። አሁን እያንዳንዱን ስም ወረቀት ላይ ነጥብ አድርጉት። ቡና የሚጠራሩ ሁለት ቤቶች ካሉ በመካከላቸው መስመር አስምሩ። ኔትወርክ ማለት ይኸው ነው፤ ነጥብና መስመር። ነጥቧ ደግ ትሁን ነገረኛ፣ ሀብታም ትሁን ድሃ፣ ወረቀቱ ላይ አይታይም። የሚታየው ማን ከማን ጋር እንደተያያዘ ብቻ ነው።

ሞዴል የምንለው ደግሞ የግምት ደንብ ነው። ሁለት ነጥቦችን ታሳዩታላችሁ፤ በመካከላቸው መስመር የመኖሩ ዕድል ይህን ያህል ነው ብሎ ቁጥር ይሰጣችኋል። ሲሳካለት ይታመናል፤ ሲሳሳት ደንቡ ይስተካከላል።

ችግሩ ብዛቱ ነው። 100 አባል ባለው እድር ውስጥ 4,950 ጥንዶች አሉ። አባሉ 1,000 ሲሆን ጥንዱ 499,500 ይደርሳል። ሰው በ10 እጥፍ ሲጨምር ጥንዱ በ100 እጥፍ ገደማ ያድጋል ማለት ነው። እንግዲህ ፌስቡክን አስቡት። በ2011 የኩባንያው ተመራማሪዎችና የዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው መላውን ኔትወርክ ሲያጠኑ 721 ሚሊዮን ንቁ ተጠቃሚ ነበረው፤ በመካከላቸውም ወደ 69 ቢሊዮን የጓደኝነት መስመር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የጥንዶቹን ብዛት ለመጻፍ ከ26 በኋላ 16 ዜሮ ያስፈልጋል። ያን ሁሉ ጥንድ አንድ በአንድ ማየት ለማሽንም አያዋጣም። ስለዚህ አቋራጭ መፈለግ ግድ ነው።

እስቲ በዕጣ ይሁን ብንልስ?

ቅቤ የሚሸጥ ሰው መጀመሪያ ባዶውን ጣሳ ይመዝናል። እሱን ካላወቀ የቅቤውን ክብደት አያውቅም። የኔትወርክ ሰዎችም እንደዚያው ያደርጋሉ። ፖል ኤርዶሽና አልፍሬድ ሬኒ የተባሉ ሁለት የሀንጋሪ የሒሳብ ሊቃውንት በ1959 ያቀረቡት ሞዴል ባዶው ጣሳ ነው። ደንቡ ቀላል ነው፤ መስመሮቹ በሙሉ በዕጣ ይጣሉ። ዝምድና የለ፣ ጉርብትና የለ፣ የሥራ ቦታ የለ።

ጓደኝነት እንደዚህ ነው ብሎ የሚያምን የለም። ጥቅሙ ለማወዳደር ነው። ከላይ ያሉትን ቁጥሮች ስናካፍል ከፌስቡክ በዕጣ የተነሱ ሁለት ሰዎች ጓደኛ የመሆናቸው ዕድል ከ3.8 ሚሊዮን አንድ ገደማ ይሆናል። ዓለም በዕጣ ብትሠራ ኖሮ ሁለት ጓደኞቼ እርስ በርስ የመተዋወቃቸው ዕድልም ያው ከ3.8 ሚሊዮን አንድ በሆነ ነበር።

በእውነተኛው ኔትወርክ ግን ምን ተገኘ? 100 ጓደኛ ያለው ተጠቃሚ፣ ከጓደኞቹ ጥንዶች መካከል በአማካይ 14 በመቶው እርስ በርስ ጓደኛሞች ናቸው። በዕጣ ከሚጠበቀው ከ500 ሺህ ጊዜ በላይ ነው! እኔ ይህን ሳሰላ ዜሮ የጨመርኩ መስሎኝ ሁለቴ ደግሜዋለሁ።

ይህ ልዩነት ነው ቅቤው። ሰው ጓደኛ የሚያገኘው በጓደኛው በኩል ነው። ዛሬ አንቺ ቤት ቡና የጠጡ ሁለት እንግዶች ነገ ለብቻቸው ይደዋወላሉ። እኔ ሁለታችሁንም ካወቅኳችሁ፣ ያልተሰመረችው ሦስተኛዋ መስመር ጊዜ ትጠብቃለች እንጂ የለችም ማለት አይቻልም። ሦስት ማዕዘኑ ይዘጋል። «ልታውቃቸው የምትችላቸው ሰዎች» የሚለው ዝርዝር በአብዛኛው ያልተዘጉ ሦስት ማዕዘኖችን የሚለቅም ነው። ማሽኑ 721 ሚሊዮን ሰው ማየት አይጠበቅበትም፤ የጓደኞቼን ጓደኞች ብቻ ያያል።

የጋራ ጓደኛ ሁሉ እኩል ይመዝናል?

አይመዝንም። አንድ ታዋቂ ዘፋኝ በጋራ «ጓደኛችን» ቢሆን ስለ እኔና ስለ እናንተ ምን ይናገራል? ምንም። የአንዲት ትንሽ ከተማ አዋላጅ ነርስን ሁለታችንም ብናውቃት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ምናልባት አንድ ሰፈር ነው ያደግነው።

ላዳ አዳሚክና ኤይታን አዳር በ2003 ይህንን በቀመር አስቀመጡት። እያንዳንዱ የጋራ ጓደኛ የሚሰጠው ነጥብ ያ ጓደኛ ብዙ ሰው ባወቀ ቁጥር ይቀንሳል፤ አቀናነሱ ግን በሎጋሪዝም (ብዛቱ በ10 እጥፍ ባደገ ቁጥር አንድ ደረጃ ብቻ በሚጨምር ስሌት) ስለሆነ ለስለስ ያለ ነው። ቁጥሩን ብትሠሩት 10 ሰው የሚያውቅ የጋራ ጓደኛ 1,000 ሰው ከሚያውቀው ልክ 3 እጥፍ ይመዝናል። ቀመሩ በአንድ መስመር ይጻፋል። ሆኖም በዚያው ዘመን በሳይንቲስቶች የትብብር ኔትወርክ ላይ ከሌሎች ዘዴዎች ጋር ሲፈተን ጥሩ ውጤት ካስመዘገቡት አንዱ ነበር።

ማሽኑ ቡድኑን በምን ይለያል?

ሰዎች በሠርግ ድንኳን ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጡ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የሙሽራው የሥራ ባልደረቦች በአንድ ጥግ፣ የሙሽሪት የእናት ወገን በሌላ ጥግ፣ የሰፈር ልጆች ድንኳኑ በር ላይ። ማንም ስም ባይነግራችሁ እንኳ ማን ከማን ጋር እንደሚያወራ ለአንድ ሰዓት ብታዩ ቡድኖቹን ትለያላችሁ።

ይህን የሚሠራው ሞዴል መነሻው በ1983 ቀርቧል። እያንዳንዱ ሰው የአንድ ስውር ቡድን አባል ነው ይላል። በአንድ ቡድን ውስጥ መስመር የመኖሩ ዕድል አንድ ቁጥር ነው፤ በሁለት ቡድኖች መካከል ደግሞ ሌላ ቁጥር። ቡድኖቹን ማንም አይነግረውም። ያየውን የመስመር አቀማመጥ ከሁሉ በተሻለ የሚያስረዳውን አከፋፈል ራሱ ይፈልጋል።

ይህ ዓይነት ዘዴ በየጊዜው የሚፈተንበት አንድ ትንሽ ታሪክ አለ፤ እኔ በጣም እወደዋለሁ። ዌይን ዛካሪ የተባለ ተመራማሪ ከ1970 ጀምሮ በአሜሪካ አንድ የዩኒቨርሲቲ ካራቴ ክበብ ይከታተል ነበር። በጥናቱ ውስጥ 34 ሰዎች አሉ። በአሠልጣኙና በክበቡ ኃላፊ መካከል የሥልጠና ክፍያ ላይ ጠብ ተነሳ። ክበቡ ለሁለት ተሰነጠቀ። ዛካሪ ከመሰንጠቁ በፊት የነበሩትን ወዳጅነቶች ብቻ ይዞ ማን ወዴት እንደሚሄድ አሰላ። በ1977 ባሳተመው ጥናት ከ34ቱ 33ቱን አገኘ።

አንዱን ሳተ። ሰውዬው በወዳጅነቱ ከኃላፊው ወገን ነበር፤ የሄደው ግን ከአሠልጣኙ ጋር ነው። ለምን? የጥቁር ቀበቶ ፈተና ሊወስድ 3 ሳምንት ብቻ ነበር የቀረው። ወደ ሌላው ወገን ቢሄድ የዓመታት ልፋቱ ገደል መግባቱ ነው። መስመሮቹ ይህንን አያውቁም። ዛሬ በቢሊዮን የሚቆጠር ሰው ያለበት ኔትወርክ ላይ የሚሠሩ ሞዴሎችም ይህችን ዓይነት ቀበቶ አያዩም።

ዓለም ለምን ጠበበች?

እዚህ ላይ አጭር ልሁን። ሁሉም ሰው በየቡድኑ ተሸጉጦ ከሆነ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው መድረሻው ሩቅ መሆን ነበረበት። አይደለም። በዚያው የ2011 ጥናት ሁለት የፌስቡክ ተጠቃሚዎችን የሚያገናኘው አጭሩ መንገድ በአማካይ 4.74 እርምጃ ብቻ ነበር። ደንከን ዋትስና ስቲቨን ስትሮጋትዝ በ1998 እንዳሳዩት ለዚህ ጥቂት ረጃጅም መስመሮች ይበቃሉ። ከመርካቶ ተነስታ ዋሽንግተን የገባች አንዲት የአክስት ልጅ ሁለት ሰፈር ሙሉ ሰው ታቀራርባለች። ሌላው ሁሉ እዚያው ሰፈሩ ውስጥ ቢቀርም ለውጥ የለውም።

ጓደኞቼ ለምን ከእኔ የበለጠ ሰው ያውቃሉ?

ይህ ብዙዎችን አንገት የሚያስደፋ ጥያቄ ነው። አይዟችሁ፤ ጥፋቱ የቆጠራው ነው።

10 ሰው ያለበት ሰፈር እንውሰድ። አንዷ እትዬ ሁሉንም ያውቃሉ። የቀሩት 9ኙ እሳቸውን ብቻ ያውቃሉ። እንግዲህ ከ10ሩ 9ኙ «ጓደኛዬ ከእኔ የበለጠ ሰው ታውቃለች» ቢሉ እውነታቸውን ነው። ብዙ ሰው የሚያውቅ ሰው በብዙ ሰው ዝርዝር ውስጥ ስለሚገኝ ደጋግሞ ይቆጠራል። ስኮት ፌልድ የተባለ የሶሲዮሎጂ ባለሙያ ይህን በ1991 ጽፎታል። በፌስቡክ ሲታይ አማካይ ተጠቃሚ 190 ጓደኛ ነበረው። የጓደኞቹ አማካይ ግን 635 ነው።

ነገሩ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። በ2009 የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ወቅት ሁለት ተመራማሪዎች በሃርቫርድ 744 ተማሪዎችን ተከታተሉ። የተወሰኑት በዕጣ የተመረጡ ናቸው። የቀሩት «ጓደኛህ ማነው?» ተብሎ የተጠቀሱ። ጉንፋኑ በተጠቀሱት ላይ ሁለት ሳምንት ገደማ ቀድሞ ታየ። ብዙ ሰው የሚያውቅ ወሬውንም ጉንፋኑንም ቀድሞ ያገኛል።

ከዚህ ሁሉ ደግሞ ለእኛ ሰፈር የሚቀርበው በሕንድ የተደረገው ጥናት ነው። የኢኮኖሚ ባለሙያዎቹ አቢጂት ባነርጂ፣ ኤስተር ዱፍሎና ባልደረቦቻቸው በአንድ መንደር ማን ማንን እንደሚያውቅ የሚያሳይ ካርታ መሳል ውድ መሆኑን አዩ። ስለዚህ ሰዉን ዝም ብለው ጠየቁት። ጥያቄው በእኛ አነጋገር «አንድ ወሬ መንደሩን እንዲያዳርስ ብትፈልጉ ለማን ትነግራላችሁ?» የሚል ዓይነት ነው። ሰው ሁሉ ያውቃል! በሃሪያና ግዛት 521 መንደሮች ስለ ወርሃዊ የክትባት ቀን መረጃ ሲሰጥ፣ በዚህ ጥያቄ የተጠቆሙት ሰዎች መረጃውን በያዙበት መንደር በየወሩ የተከተቡት ሕፃናት በዕጣ ከተመረጡበት 22 በመቶ በለጡ። በካርናታካ በተደረገ ሌላ ሙከራም እነዚሁ ሰዎች ከተከበሩት ሽማግሌዎች የበለጠ ወሬ አሰራጭተዋል። እኛ ሰፈር ይህ ጥያቄ ቢቀርብ መልሱ ሳይታሰብ የሚወጣ ስም ነው። ስሙን እዚህ ብጽፈው ግን ወሬው እሳቸው ጋር ለመድረስ ከሰዓት በኋላ አይፈጅበትም።

ቁመት ይጋባል እንዴ?

እስካሁን ሞዴሉ ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ ነው የገመተው። ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ጓደኛዬ በእኔ ላይ ምን ለውጥ ያመጣል?

በ2007 ኒኮላስ ክሪስታኪስና ጄምስ ፋውለር በአሜሪካ 12,067 ሰዎችን ለ32 ዓመት የተከታተለ መረጃ መርምረው ዓለምን ያነጋገረ ውጤት አወጡ። የአንድ ሰው ጓደኛ ከልክ በላይ ሲወፍር፣ ሰውዬውም የመወፈር ዕድሉ በ57 በመቶ ይጨምራል። «ውፍረት ይጋባል» ተባለ።

በዓመቱ ሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ተመሳሳይ የስሌት መንገድ ይዘው የወጣቶችን መረጃ ፈተሹ። ብጉር ይጋባል? አዎ አላቸው። ራስ ምታት? አዎ። ቁመት? እሱም አዎ! ከረጅም ሰው ጋር በመዋል የረዘመ ሰው ካለ እኔም ልሞክረው።

የተበላሸው ምንድነው? ሁለት ጓደኛሞች የሚመሳሰሉባቸው ሦስት መንገዶች አሉ። አንዱ ሌላውን ቀይሮት ሊሆን ይችላል። ወይም ከመጀመሪያው የተገናኙት ስለሚመሳሰሉ ነው፤ «ግም ለግም አብረህ አዝግም» የሚባለው። ወይም ደግሞ አንድ ዓይነት ነገር ሁለቱንም ነክቷቸዋል፤ ሠፈራቸው አዲስ ጥብስ ቤት ተከፍቷል እንበል። ከሩቅ ሆኖ ለሚያይ ሦስቱም አንድ ይመስላሉ። በ2011 ኮስማ ሻሊዚና አንድሩ ቶማስ ይህንን በሒሳብ አሳዩ፤ ዝም ብሎ በማየት ብቻ ተጽዕኖን ከመመሳሰል መለየት በአብዛኛው አይቻልም። መረጃው የቢሊዮን ሰው ቢሆንም አያድንም። ቢግ ዳታ ሁሉን ይፈታል ለሚል ሰው ይህች ጥሩ ማስታገሻ ናት።

እንዴት ነው ታዲያ የሚለየው?

በሙከራ ነው። በኖቬምበር 2 ቀን 2010 አሜሪካ ውስጥ የምክር ቤት ምርጫ ነበር። ፌስቡክ በዚያ ቀን ገጹን የከፈቱ 61 ሚሊዮን ሰዎችን በዕጣ ከፋፈለ። አብዛኞቹ «ዛሬ የምርጫ ቀን ነው» የሚል መልእክት አዩ፤ ከሥሩ ደግሞ «መረጥኩ» ብለው የተጫኑ ጓደኞቻቸው ፎቶ አለ። ጥቂቶች መልእክቱን ያለ ፎቶ አዩ። ጥቂቶች ደግሞ ምንም አላዩም። በኋላ ከሕዝብ የምርጫ መዝገብ ጋር ተመሳከረ።

ያለ ፎቶው መልእክት ከምንም አልተለየም። የጓደኞቻቸውን ፊት ያዩት ግን ትንሽ በለጡ፤ 0.39 ከመቶ ገደማ። ምንም ማለት አይደለም ትሉ ይሆናል። የተሞከረው ሰው ግን ብዙ ነው። ተመራማሪዎቹ በቀጥታ 60 ሺህ፣ በጓደኛ በኩል ደግሞ 280 ሺህ ተጨማሪ ድምፅ እንደመጣ ገምተዋል። ዕጣው ነው ጉዳዩን የፈታው። ፎቶ ያዩትና ያላዩት የተለያዩት በዕጣ ስለሆነ፣ መመሳሰል ወይም ጥብስ ቤት ሰበብ ሊሆን አይችልም።

ሌላ ጣጣ ግን አለ። የመራጩን ሕዝብ በትንሹ የሚነካ ቁልፍ በአንድ ኩባንያ እጅ መሆኑን ይኸው ጥናት አሳየ። ተሞካሪዎቹም እየተሞከሩ መሆኑን አላወቁም። በ2014 የ689,003 ተጠቃሚዎች ገጽ ላይ ደስ የሚሉና የሚያሳዝኑ ጽሑፎች ሆን ተብሎ እንደተቀነሱ ሲታወቅ የተነሳው ቁጣ ከዚህ የመጣ ነው። እኔ በበኩሌ ከሒሳቡ ይልቅ ይህ ነው የሚያሳስበኝ።

የፍሪጇስ?

የጋራ ጓደኛ የለንም ብያለሁ። ስለዚህ ሦስት ማዕዘን የሚባል ነገር አይሠራም። ግን መስመር የሚገኘው ከጓደኝነት ብቻ አይደለም። ፌስቡክን ጨምሮ ብዙ መተግበሪያዎች ተጠቃሚው ከፈቀደ የስልኩን ማውጫ በሙሉ ይወስዳሉ። እናቴ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የለችም፤ ስልኳ ያው ባለ ቁልፏ ነው። ቁጥሯ ግን በሰንበቴዋ፣ በእድሯና በልጆቿ ስልክ ሁሉ ውስጥ አለ። እነዚያ ሰዎች ማውጫቸውን ሲሰጡ የእናቴ ነጥብ ከነመስመሮቿ ልትሳል ትችላለች። እሷ ምንም ሳትነካ።

ነገሩ ስለከነከነኝ ለሴትዮዋ ደወልኩላት። ገና «ጤና ይስጥልኝ» ስላት ሳቀች።

«ፍሪጅ ገዢው!»

«አወቅሽኝ?»

«ኧረ ስልኩ ላይ ስምህ ይወጣል፤ እንደዛ ነው የመዘገብኩህ።»

ባለፈው ወር ስልክ ቀይራ ነበር። አዲሱ ላይ መተግበሪያዎቹን ስታስገባ የሚመጣውን ጥያቄ ሁሉ «እሺ» እያለች አልፋዋለች። አንዱ ማውጫዋን የጠየቀ መሆን አለበት። መስመሩን ያሰመረችው እሷ ናት፤ ምን እንደሠራች ግን አታውቅም።

«ለመሆኑ ይሠራል?» አለችኝ።

ይሠራል አልኳት። በረዶ ግን ያበዛል።